ሰነፍ ያሏት ተማሪ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። አንዱማ «ይኼ አንተን ነው የሚለው» ብሎ ጨምሮበታል። ርዕሱ «ግራፍ አይዋሽም» ነው። ጸሐፊው የኦንላይን ኮርሶችን የሚያስተባብሩ ሰው እንደሆኑ ይናገራሉ። አላውቃቸውም፤ እሳቸውም አያውቁኝም። ስለዚህ ጠብ የለንም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የኦንላይን ተማሪ የነካት እያንዳንዷ ነገር ትመዘገባለች። ምዝገባው በቀለም ሲሣል ማን እንደሚያጠና፣ ማን እንደሚያስመስል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚህ ተነሥተው ስድስት ነገር ይላሉ። ቀይ የበዛበት፣ ማለትም ብዙ ቀን ያልገባ፣ ተማሪ ሰነፍ ነው። ሌሊት የሚገባ ተማሪ ሥራውን ሌላ ሰው እያሠራ ነው። ከአንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) የገቡ ሁለት ተማሪዎች ተኮራርጀዋል። ለክሊክ ነጥብ ይሰጥ። አሜሪካኖች በባለቀለም ምልክት የሚያቋርጡ ተማሪዎችን ቀንሰዋል፤ እኛም እንቀንስ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ኦንላይን የጀመረ አብዛኛው ስለማይጨርስ የደካሞቹ ዝርዝር በየሳምንቱ ግሩፕ ላይ ይለጠፍ ይላሉ። ይፈሩ ነው ነገሩ።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አካውንቲንግ በኦንላይን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሠራተኞች ናቸው። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ አሉ፣ ሱቅ የያዙ አሉ፣ ሕፃን አቅፈው የሚማሩ አሉ። ግራፍ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ቡናው ሳይፈላ ዳሽቦርድ፣ የተማሪዎቹ ግራፍ የሚታይበትን ገጽ፣ የምከፍት ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ትመስክር። ለዚህም ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ከቀዩ ተማሪ እንጀምር።

መጀመሪያ ሙድል ምን እንደሚመዘግብ እንነጋገር። ሙድል ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው፣ የኦንላይን ኮርስ የሚሰጥበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። እኛም አገር ብዙ ተቋማት ይሠሩበታል። ሎጉን፣ ማለትም የምዝገባ መዝገቡን፣ ስትከፍቱ የምታዩት ረድፍ በረድፍ ነው። ሰዓት አለ፤ ስም አለ። የትኛው ገጽ እንደተነካና ምን እንደተደረገ ይላል። በብራውዘር ይሁን በአፕ፣ ከየትኛው አይፒ እንደሆነም ይጽፋል። በቃ። «አነበበ» የሚል አምድ የለም። «ገባው» የሚልማ ጭራሽ። ገጹ ተከፈተ ብቻ ነው የሚለው።

ስንት ደቂቃ እንዳጠናም ሎጉ አያውቅም። ደቂቃው የሚገመተው በሁለት ክሊኮች መካከል ያለው ክፍተት ተቆጥሮ ነው። አንዷ ማታ 2፡10 ላይ ገጽ ከፈተች እንበል። 2፡50 ላይ ሌላ ከፈተች። 40 ደቂቃ አነበበች? ወይስ 35ቱን ደቂቃ ሽሮ ስታማስል ነበር? ፕሮግራሙ ይገምታል። አንዱ ከ30 ደቂቃ በላይ ያለውን ክፍተት ይጥለዋል፣ ሌላው እስከ 60 ይቆጥረዋል። ቪቶሚር ኮቫኖቪች የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ይኼንን ግምት በተለያየ መንገድ እያሰሉ ሞክረውት ነበር። አቆጣጠሩ ሲቀየር የጥናቱ ውጤት አብሮ እንደሚቀየር አሳይተዋል። ተማሪው ያው፣ ሎጉ ያው፣ መደምደሚያው ግን ሌላ።

አሁን ከእኔ ክፍል አንዷን ላሳያችሁ። ስሟን ልተወው። ባለፈው ሴሚስተር የቀለም ሠንጠረዡ ላይ የሷ ረድፍ እንዲህ ነበር። እሁድ ማታ አንድ ደማቅ አረንጓዴ ካሬ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምንም። በሚቀጥለው ሳምንትም እሁድ አንድ ካሬ፣ ከዚያ ባዶ። እንዲህ እያለ ወር አለፈ። በጽሑፉ ሕግ ከሆነ ይህች ልጅ ያለቀላት ቀይ ናት። ደወልኩላት።

«መምህር፣ እሁድ እሁድ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ። ዋይፋይ አለው። የሳምንቱን በሙሉ አወርድና ይዤ እመለሳለሁ» አለችኝ።

«ከዚያስ መቼ ታነቢዋለሽ?»

«ሰልፍ ላይ ነዋ!»

ኮዬ ፈጬን ለማያውቅ ይኼ ቀልድ ይመስለዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ተጠማዝዞ፣ የኋለኛው ሰው የፊተኛውን አያየውም። አውቶቡስ ከመጣ ሰልፉ ባንዴ ይቀንሳል። ካልመጣ እዚያው መቆም ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እኔም ቆሜ ሳለሁ ከፊቴ ስምንት ሰው ያህል ቀደም ብላ አየኋት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አድርሳ ተከናንባለች። የስልኳ ስክሪን ከላይ ጥግ ተሰንጥቋል። ብርሃኑን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ባትሪ ለመቆጠብ መሰለኝ። የእኔን ፒዲኤፍ በሁለት ጣቷ እየለጠጠች፣ ወደ ጎን እየገፋች፣ መስመር በመስመር ትሄዳለች። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሳታይ ትራመዳለች። ከኋላዋ ያሉት ሴትዮ ሁለቴ ነካ አድርገዋታል። በዚያን ሰዓት ዳሽቦርዴ ላይ የሷ ካሬ ባዶ ነበር።

የወረደ ፋይል አንድ ክሊክ ነው። አንዴ ይነበብ ሃያ ጊዜ፣ ሎጉ ላይ ያው አንድ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ግን አናዶኛል፤ እውነቱን ልናገር። ጸሐፊው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የተከመሩ ክሊኮች አይተው፣ በዚህ ሰዓት ሠራተኛ ሰው ይተኛል እንጂ አይማርም፣ ስለዚህ የተከፈለው ሰው ነው የሚሠራለት ብለዋል። ሰው በሌብነት ከመጠርጠር በፊት ሰዓቱን ማየት ይቀድማል።

ብዙ ሰርቨር የሚሠራው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። አስተዳዳሪው የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ካልቀየረው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነካው ነገር ግራፉ ላይ 03፡00 ተብሎ ይቀመጣል። ይህንን በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ነው ይላል። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ይለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ልጁ ፊቱን ታጥቦ ሊወጣ ሲል ኩዊዝ መለቀቁን ቼክ አድርጓል። የሆነው ይኼው ነው።

የእኔም ግራፍ እንደዚያው ነበር። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተማሪዎቼን የሌሊት ወፍ አድርጌ ሳያቸው ከረምኩ። አንድ ቀን የራሴን ስም ሎጉ ውስጥ ፈለግኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ይዤ የገባሁት ሰውዬ፣ 04፡30 ላይ ተጽፌ ተገኘሁ። ለካ እኔም ሌሊት ነው የምሠራው! ጸሐፊውም የራሳቸውን ስም ቢፈልጉ ደስ ይለኛል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰዓቱ ተስተካክሎም ሌሊት የሚገቡ አሉ። አይካድም። የሌሊት ሽፍት የሚሠራ ሰው ዕረፍቱ ሌሊት ነው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ ቪዲዮ የሚያወርድ ሰው ይህንን በደንብ ያውቀዋል። ሰፈር ውስጥ መብራት ጠፍቶ ከዋለ ደግሞ ስልክ ቻርጅ የሚሆነው መብራት በመጣበት ሰዓት ነው። ሕፃን ያላትን እናትማ መቼ ነው የምታጠኚው ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው። ሕፃኑ ሲተኛ ነዋ።

የአይፒው ነገር ብዙ አያከራክርም። የቆየው ዓይነት የአይፒ አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ለዓለም ስልክ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ቴሌኮሞች ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ማስወጣት የተለመደ አሠራራቸው ነው። በሞባይል ዳታ የገቡ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሎጉ ላይ አንድ አይፒ ሊኖራቸው ይችላል። እኛ ብሎክ ውስጥ ደግሞ አንድ ዋይፋይ ለሦስት ቤት በመዋጮ የሚያስገቡ አሉ። የብሎኩ በር አንድ ስለሆነ ሁላችንም አንድ ቤት ነው የምንኖረው አይባልም። ኩረጃ የጠረጠረ ሰው መልሶቹን ያነጻጽር። ሁለት ልጆች ያንኑ ስሕተት፣ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ቃል ከጻፉ ያ ወሬ አለው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። መምህራን ሎጉን ጭራሽ አይከፍቱም፣ ከፍተውም በአማካይ ብቻ ያወራሉ ያሉት እውነት ነው። ፍራንሲስ አንስኮም የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትንንሽ የቁጥር ስብስቦች አዘጋጅቶ ነበር። እያንዳንዱ 11 ነጥብ ነው። አማካያቸው እኩል፣ ዝምድናቸውም እኩል። በወረቀት ላይ ሲሣሉ ግን አንዱ የተበታተነ መስመር፣ አንዱ ቅስት፣ አንዱ ቀጥ ብሎ አንድ ነጥብ ያፈነገጠበት፣ የመጨረሻው ደግሞ በአንድ ነጥብ ብቻ የቆመ ነው። ክፍልም እንዲያ ነው። «በአማካይ ተማሪው በሳምንት 30 ጊዜ ይገባል» የሚለው ሪፖርት ግማሹ 60 ጊዜ ገብቶ ግማሹ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን ማየት ግድ ነው።

ግን ማየት አንድ ነገር ነው፤ መፍረድ ሌላ። ቪዥዋል አናሊቲክስ የሚባለው ዘርፍ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ በወጣ የምርምር ዕቅድ ነው። ዕቅዱን ያሠራው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ መሆኑ ነው። (አንዳንዴ ሳስበው፣ ዳሽቦርድ ሲከፍት ሁሉ ሌባ ፍለጋ የሚወጣው ሰው የበዛው በዚህ ይሆን? እላለሁ።) ሆኖም እዚያም ቢሆን ትርጉሙ ሰው በሥዕል እየታገዘ እንዲያስብ ነው። ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያጎላል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ያያል። ሥዕሉ ጥያቄ ያነሣል። መልሱን የሚያመጣው ሰውዬው ነው። እኔ ጋ መልሱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው።

ለክሊክ ነጥብ ይሰጥ የሚለውን አራተኛውን ሐሳብ ሞክሬዋለሁ። አፍሬበታለሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከመቶው 10 ነጥብ ለተሳትፎ ነው፣ ተሳትፎ ማለት መግባትና በውይይት መድረኩ ላይ መጻፍ ነው ብዬ ማክሰኞ ዕለት ለጠፍኩ። ሐሙስ ግራፉ አበበ። ያኔ ብታዩት! መስክ ነው የሚመስለው፤ ጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ። ስክሪንሾት አንሥቼ ስብሰባ ላይ አሳየሁ። አንድ ሁለት ሰው «ጎበዝ» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ ተቀምጬ ሎጉን አነበብኩት። አንዱ ልጅ ያንኑ ገጽ በስድስት ደቂቃ ውስጥ 41 ጊዜ ከፍቶታል። የውይይት መድረኩ ሞልቷል። በምን ሞላ? «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ መምህር»፣ «ጥሩ ትምህርት ነው»፣ «እኔም እስማማለሁ»። ዕቃ በዱቤ ሲገዛ የቱ ሒሳብ ነው ክሬዲት የሚደረገው ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዷ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብላ መልሳለች። ከሷ በታች አራት ሰው «እኔም እስማማለሁ» ብሏል።

በምን እንደሚስማሙ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሚድ ኤግዛም መጣ። ውጤቱ ያው የድሮው ነው፤ ፈቀቅ አላለም። ሰልፍ ላይ የምታነበዋ ዓይነት ተማሪ ግን በነጥብ ተቀጣች። ከመግቢያ ነጥቡ ያገኘችው 3 ነበር። ከክፍሉ በፈተና ከፍተኛ ካመጡት አንዷ እሷ ነበረች። ተማሪዎቹን ይቅርታ ጠየቅኩና 10ሩን ነጥብ ወደ ሳምንታዊ አጭር ኩዊዝ አዞርኩት።

ቻርልስ ጉድሃርት የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ይህንን ብሎት ነበር። መለኪያውን መቆጣጠሪያ ስታደርገው መለካቱን ያቆማል ነው ነገሩ። እኔ ሳላነበው በራሴ ክፍል ላይ ደረስኩበት። ባነበው ይረክስልኝ ነበር።

ወደ አሜሪካው ማስረጃ እንሂድ። ጸሐፊው ዩኒቨርሲቲውን በስም አልጠሩም፤ ግን ያሉት ፐርዱ ነው። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበራ ኮርስ ሲግናልስ የሚባል ሥርዓት ነበረው። የተማሪውን ውጤትና እንቅስቃሴ እያየ መብራት ይሰጠዋል። ይህ ሥርዓት ያለባቸውን ሁለትና ከዚያ በላይ ኮርሶች የወሰዱ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው የመቆየት ዕድላቸው 21 በመቶ ጨመረ ተባለ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። የእኛም ጸሐፊ ጋ ደረሰ።

ያልደረሳቸው እ.ኤ.አ. የ2013ቱ ክርክር ነው። በዚያ ዓመት ማይክል ኮልፊልድ የሚባል ሰው ቁጥሩ ላይ ጥያቄ አነሣ። ከዚያ አልፍሬድ ኢሳ የሚባል ሌላ ሰው በኮምፒውተር አስመስሎ ሠራው። በመብራቱ ፋንታ ለተማሪዎቹ በዕጣ ቸኮሌት አደለ፤ በሒሳቡ ውስጥ ማለት ነው። ቸኮሌትም ተማሪ «ያቆያል» ሆኖ ተገኘ!

ነገሩ በዕቁብ ይገባችኋል። እዚህ ሰፈር አንድ ዕቁብ አለ እንበል። አንዱ ተነሥቶ «አጥንቻለሁ፤ ሁለት ዙር የጣሉ ሰዎች አንድ ዙር ብቻ ከጣሉት ይልቅ ከዕቁባችን አይወጡም» ቢላችሁ ትስቁበታላችሁ። ሁለት ዙር ስለጣሉ አይደለም የቆዩት። ስለቆዩ ነው ሁለት ዙር የጣሉት። የወጣውማ ሁለተኛውን ዙር በምን እግሩ ይጥለዋል? የፐርዱም እንደዚያው ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ልጅ መብራት ያለባቸውን ብዙ ኮርሶች ለመውሰድ ጊዜ አላገኘም። መብራቱ ምንም አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። ያ ቁጥር መጥቀሙን አያሳይም ነው የምለው።

ኦንላይን የጀመረ አይጨርስም የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ቁጥሮቹን ልስጥ። ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤዴክስ የሚባለውን የነፃ ኦንላይን ኮርሶች መድረክ ከከፈቱ በኋላ የመጀመሪያ ዓመታቸውን 17 ኮርሶች መርምረው ነበር። ምዝገባው 841,687 ነው። ሰርተፍኬት ያገኘው 43,196። አምስት በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁመዋል። እኔ ግን እቀጥላለሁ። ከተመዘገቡት 292,852ቱ ትምህርቱን ጭራሽ አልከፈቱትም። 469,702ቱ ከግማሽ በታች አይተዋል። 35,937ቱ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ አጥንተው ሰርተፍኬት አልወሰዱም። እነዚህን ሁሉ «አቋራጭ» በሚል አንድ ቀይ ቀለም መቀባት ይቻላል። መርካቶ የገባን ሰው ሁሉ ሳይገዛ ወጣ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። አንዱ ዋጋ ሊጠይቅ ነው የገባው።

ረኔ ኪዚልሴክና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2013 የስታንፎርድን ሦስት የኮምፒውተር ኮርሶች ሎግ ተመልክተው ተማሪውን በአራት ከፍለውታል። የሚጨርስ አለ። ቪዲዮውን እያየ ፈተና የማይወስድ አለ። ጀምሮ እየቀነሰ የሚጠፋ አለ። አንዱን ቀምሶ የሚሄድም አለ። መርዳት ያለብን ሦስተኛውን ነው። ቀለሙ አንድ ከሆነ ሦስተኛውን ከአራተኛው በምን እንለየዋለን? ደግሞ ያ ኮርስ ነፃ ነው። የእኔ ተማሪ ከደመወዙ ቆርጦ የከፈለ ነው። የነሱን ቁጥር አምጥቶ የኛን ልጅ መውቀስ አይገጥምም።

ዝርዝር መለጠፉን በተመለከተ አንድ አንቀጽ ይበቃል። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የሰው መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዲሁ አይዘረገፍም። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የተማሪን ዳታ ለምን እንደሚጠቀምበትና ለምን እንደማይጠቀምበት ፖሊሲ ጽፎ ለተማሪዎቹ ገልጿል። እኛ ግን ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ የአንዲት እናት ስም ከቀይ ካሬ ጋር ይለጠፍ እያልን ነው። የሥራ ባልደረባዋም እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለ። አማቷም ሊኖሩ ይችላሉ።

ታዲያ ግራፍ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ እኔን የጠቀመኝን ላሳያችሁ። ጸሐፊው ያልነኩት እሱን ነው። ተማሪውን ሳይሆን እኔን ያየሁበት ነው።

ቪዲዮዎቼን ዩቲዩብ ላይ ነው የምጭነው፤ በሊንክ ብቻ እንዲከፈቱ አድርጌ። ሙድል ገጹ መከፈቱን ብቻ ነው የሚነግረኝ። ዩቲዩብ ግን ቪዲዮው የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚታይ፣ የት ላይ እንደሚተው፣ የት ላይ ተመልሶ እንደሚደገም በአንድ መስመር ያሳያል። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ነው። ይኼ የኔ ብቻ አይደለም። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤዴክስ ላይ 6.9 ሚሊዮን የእይታ ምዝገባ አይተው፣ ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም የተመልካቹ መካከለኛ ቆይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አግኝተዋል። የኔ ቪዲዮ ደግሞ 23 ደቂቃ ነበር። ምን ሆኜ እንደነበር እንጃ።

የአድጀስትመንቱ (የሒሳብ ማስተካከያው) ቪዲዮ መስመር ግን ሌላ ነገር ነበረው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጉብታ አለ። ሰው ወደዚያ ይመለሳል፤ ደጋግሞ ያያል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥሩ ቦታ ነው፣ ወደውታል አልኩ። ከዚያ ራሴ ከፍቼ አየሁት።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሠንጠረዡ ስክሪኑ ላይ አለ። ቀድሞ የተከፈለ የቤት ኪራይ፣ 12,000 ብር፣ ለአንድ ዓመት። እኔ «ስለዚህ የሦስት ወሩ 3,000 ይሆናል» እላለሁ። ወዲያው ስላይዱን እቀይረዋለሁ። ቀጣዩ ስላይድ ላይ ምዝገባው ተጽፎ ጨርሶ ቁጭ ብሏል። ዴቢቱ ለምን ወጪ ላይ እንደሄደ አልተናገርኩም። ክሬዲቱ ለምን ከንብረት ላይ እንደተቀነሰ አልተናገርኩም። ስላይዱ ለመነበብ የሚበቃ ጊዜም አልቆየም። ሰዎቹ የሚመለሱት ወደውት አይደለም። የጠፋውን ስላይድ ፍለጋ ነው።

በኋላ እንዳነበብኩት ይህም ታይቶ ያደረ ነገር ነው። ጁሆ ኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የኤዴክስን 862 ቪዲዮዎች መርምረው፣ ከእንዲህ ዓይነት ጉብታዎች ብዙዎቹ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ከሚቀየርበት ቦታ አጠገብ እንደሚገኙ ጽፈዋል። መምህሩ ሲያልፍ ተማሪው ወደ ኋላ ይመለሳል።

በጽሑፉ ሕግ ብሄድ፣ ሦስተኛውን ደቂቃ ሰባት ጊዜ ያየውን ልጅ «ቀርፋፋ» ብዬ ቀይ ልቀባው እችል ነበር። ወይም ብዙ ደቂቃ ስለተቀመጠ «ጎበዝ» ብዬ አረንጓዴ። ሁለቱም ስለኔ ስላይድ ምንም አይሉም።

ክረምት ላይ እንደገና ቀዳሁት። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ፣ እጄ እየታየ። ከ23 ደቂቃ አራት ቁራጭ ሆነ። ባለቤቴ መሀል ላይ ጀበና ስታነሣ ይሰማል፤ አልቆረጥኩትም። ኪራዩን ስሠራ 3,000ውን ጽፌ «ይህ ገንዘብ ሦስት ወር ኖራችሁበት አልቋል፤ ስለዚህ ወጪ ነው» ብዬ ቆም አልኩ። ሰልፍ ላይ ላለችው ልጅም ስላይዱን በስልክ ስክሪን ልክ፣ በትልቅ ፊደል፣ ለብቻው አወጣሁላት።

የአዲሱ ክፍል መስመር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መታየት ጀምሯል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የነበረው ጉብታ ጠፍቷል። አሁን ሁለተኛው ቁራጭ ላይ፣ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ትንሽዬ አዲስ ጉብታ አለች። ከፍቼ አየሁት፤ የእርጅና ቅናሽ የምሠራበት ቦታ ነው። ምን እንዳጠፋሁ ገና አልያዝኩትም። ለቅዳሜ ሁለት ተማሪዎች ልደውል ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። አንደኛው የሌሊት ሽፍት ስለሚሠራ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አይነሣም።